የስም ምሥጢርና የቴሌቪዥን መስኮት፤ የ«ኧርዝሲ» አንባብያን ተስፋ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



አንድ መጽሐፍ ከደራሲው እጅ ወጥቶ በአንባቢው ልብ ቤቱን ከሠራ በኋላ የማን ነው? ሕግ ለዚህ ጥያቄ የታወቀ መልስ አለው። መብቱ በመጀመሪያ የደራሲው፣ ከእሱም በኋላ የወራሾቹ ነው፤ በውል ከተላለፈም በውሉ መጠን የተቀባዩ ይሆናል። ነገር ግን ከሕጉ ጎን ሌላ፣ በጽሑፍ ያልሰፈረ የባለቤትነት ስሜት አለ። ይህም መጽሐፉን በልጅነቱ አንብቦ፣ ጎልምሶ ዳግመኛ የተመለሰበት፣ በመጨረሻም ለልጆቹ ያነበበላቸው ሰው የሚሰማው ስሜት ነው። ይህ ሰው የፈረመው ውል የለም፤ የሚጠይቀውም ገንዘብ የለም። ይሁን እንጂ የሚወደው ታሪክ በቴሌቪዥን ሊቀርብ ነው የሚል ወሬ ሲሰማ ከሁሉ አስቀድሞ ደስ የሚለው፣ ወዲያውም የሚሰጋው እሱ ነው።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ደስታና ስጋት የተቀላቀለበት ተስፋ ነው። ተስፋው የአድናቂዎች ጉጉት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ታልፏል። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን መጽሐፍን ወደ ፊልም የሚመልስ ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ቁም ነገር በውስጡ ይገኛል። ለዚህም አሜሪካዊቱ ደራሲ ወይዘሮ ኡርሱላ ለ ጉዊን «ኧርዝሲ» በሚል መጠሪያ ያቆሙት ምናባዊ ተረክ ጥሩ ምስክር ነው፤ ምክንያቱም ይህ ተረክ ሁለት ጊዜ በፊልም ተሠርቶ፣ ሁለት ጊዜም ብዙ አንባብያኑን አሳዝኗል፤ አንባብያኑ ግን ዛሬም ሦስተኛውን ይጠብቃሉ።

ወይዘሮ ለ ጉዊን በ1929 በካሊፎርኒያ፣ በበርክሊ ከተማ ተወለዱ። (በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባታቸው አልፍሬድ ክሮበር የካሊፎርኒያን ነባር ሕዝቦች ቋንቋና ባህል ሲያጠኑ የኖሩ የሥነ ሰብእ ሊቅ፣ እናታቸው ቲዎዶራ ክሮበርም ደራሲ ነበሩ። የኧርዝሲ ዓለም በመጀመሪያ ብቅ ያለው በ1964 በታተሙ ሁለት አጫጭር ልብ ወለዶች ነው። በ1968 «የኧርዝሲ አስማተኛ» የተባለው የመጀመሪያው መጽሐፍ፣ ፓርናሰስ ፕሬስ በተባለ የበርክሊ አነስተኛ አሳታሚ አማካይነት ለወጣት አንባብያን ተብሎ ወጣ። «የአቱዋን መቃብሮች» በ1971፣ «የመጨረሻው ዳርቻ» በ1972 ተከተሉት፤ ይህም ሦስተኛው መጽሐፍ በ1973 በልጆች መጻሕፍት ዘርፍ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት ተቀበለ። ተረኩ በዚህ የተፈጸመ መስሎ 18 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1990 «ቴሃኑ»፣ በ2001 ደግሞ «የኧርዝሲ ተረቶች» እና «ሌላው ነፋስ» ታተሙ። ደራሲዋ በጥር ወር 2018፣ በ88 ዓመታቸው በፖርትላንድ ከተማ ዐረፉ። በዚያው ዓመትም የመጀመሪያው መጽሐፍ 50ኛ ዓመት ተከበረ።

«ኧርዝሲ» የሚለው ስም በእንግሊዝኛ «ምድር» እና «ባሕር» ከሚሉት ቃላት የተገጣጠመ ነው፤ በአማርኛ ምድረ ባሕር እንደ ማለት ይሆናል። ዓለሙም እንደ ስሙ ነው፤ ማለቂያ በሌለው ውቅያኖስ ላይ እንደ ዘር የተበተኑ በመቶ የሚቆጠሩ ደሴቶች ያሉበት፣ ሰው ሁሉ በጀልባ የሚኖርበት፣ የአየሩንም ነፋስ የሚያዝዙ ጠቢባን የሚገኙበት ነው። ጎንት በተባለች ተራራማ ደሴት ፍየል ሲጠብቅ ያደገ ጌድ የተባለ ልጅ፣ ሮክ በምትባል ደሴት ወደሚገኘው የጠቢባን ትምህርት ቤት ሄዶ፣ በትዕቢቱ ተነሣሥቶ የሞተች ሴት መንፈስ ይጠራል። በተከፈተውም በር ስም የሌለው ጥላ ሾልኮ ይወጣና ያሳድደዋል። ጌድ መጀመሪያ ይሸሻል፤ በኋላ ግን ፊቱን መልሶ አሳዳጁን ማሳደድ ይጀምራል። በመጨረሻም በዓለሙ ዳርቻ ላይ ጥላውን በስሙ ይጠራዋል፤ ስሙም የራሱ የጌድ ስም ሆኖ ይገኛል።

የተረኩ መሠረት እንግዲህ ስም ነው። በኧርዝሲ እያንዳንዱ ነገር ዓለም ሲፈጠር በተነገረበት ጥንታዊ ቋንቋ እውነተኛ ስም አለው። የነገሩን ስም የሚያውቅ በነገሩ ላይ ሥልጣን አለው። ስለዚህም ሰው ሁለት ስም ይይዛል፤ አንደኛው ለሁሉ የሚነገር መጠሪያ፣ ሁለተኛው ከሚያምነው ወዳጁ በቀር ለማንም የማይገልጸው እውነተኛ ስሙ ነው። ጌድ ለዓለም ሁሉ ስሙ «ጭልፊት» ነው፤ «ጌድ» መሆኑን የሚያውቁ ጥቂቶች ብቻ ናቸው። ወዳጁ ቬች፣ ጌድ ከሁሉ በተዋረደበት ሰዓት እውነተኛ ስሙን ሹክ ይለዋል፤ በዚያ ዓለም ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም።

ይህ ነገር ለአማርኛ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤት መጠሪያ ስምና የክርስትና ስም የተለያዩ ናቸው፤ የክርስትናውን ስም ክፉ የሚያደርግ ሰው እንዳያገኘው ተብሎ ለማያውቁት አለመንገር በብዙ ዘንድ የኖረ ልማድ ነው። ከዚህም ይልቅ የሚያስደንቀው ቋንቋው ራሱ የያዘው ምስክርነት ነው። «አስማት» የሚለው ቃል በግእዝ ከ«ስም» የሚወጣ ብዙ ቁጥር ነው፤ ትርጉሙም «ስሞች» ማለት ነው። አማርኛ ተናጋሪ አስማት ባለ ቁጥር፣ አሜሪካዊቱ ደራሲ ስድስት መጻሕፍት የሠሩበትን ሐሳብ በአንድ ቃል ይናገራል። በመሆኑም የኧርዝሲ አንባብያን ፊልሙን በምን እንደሚመዝኑት ለመረዳት የአማርኛ አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህን የመሰለ ታሪክ የፊልም ሠሪዎችን ዐይን ሳይስብ አልቀረም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ደራሲዋ ከዕውቁ የእንግሊዝ የፊልም አዘጋጅ ከማይክል ፓወል ጋር ሆነው የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት መሠረት ያደረገ የፊልም ጽሑፍ አዘጋጅተው ነበር፤ ጽሑፉ ተጻፈ እንጂ ፊልሙ አልተሠራም። የጃፓኑ የሥዕል ፊልም ባለሙያ ሃያኦ ሚያዛኪም በእነዚያው ዓመታት ፈቃድ ጠይቀው፣ ደራሲዋ በዚያን ጊዜ ሥራቸውን ስላላወቁ ሳይፈቅዱላቸው ቀሩ። በራዲዮ በኩል የተሻለ ዕድል ገጠመው። የብሪታንያው ቢቢሲ በ1996 የመጀመሪያውን መጽሐፍ በድራማ አቀረበ፤ በ2015 ደግሞ በስድስት ክፍል ሌላ ዝግጅት አሰማ።

ራዲዮ የተሳካለት ያለ ምክንያት አይደለም። ራዲዮ ድምፅን ይሰጣል፤ ፊትን ግን ለአድማጩ ይተዋል። ወጋየሁ ንጋቱ የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ራዲዮ ሲተርከው የሰማ ሰው፣ የጉዱ ካሣን ድምፅ ከወጋየሁ ተቀበለ እንጂ የጉዱ ካሣን መልክ የሣለው ራሱ ነበር። በሌላ አነጋገር ተራኪውና አድማጩ ሥራውን ተካፍለዋል። ቴሌቪዥን ግን ይህን መካፈል አይችልም። ማያው ፊት መምረጥ አለበት፤ ቀለሙን፣ ዕድሜውን፣ አለባበሱን፣ የቤቱን ጣራ ሳይቀር መወሰን አለበት። አንድ ጊዜም ከወሰነ በኋላ ውሳኔው በሚሊዮን ሰው ዐይን ውስጥ ይታተማል። የአንባብያኑ ስጋት የሚመነጨውም ከዚህ ነው።

ስጋቱ በታኅሣሥ ወር 2004 በተግባር ታየ። ሳይ-ፋይ የተባለው የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መጻሕፍት አጣምሮ በሁለት ክፍል የተሠራ ፊልም አሳየ። አዘጋጁ ሮበርት ሊበርማን፣ ጽሑፉን የጻፉት ጋቪን ስኮት ነበሩ። ገንዘቡ ብዙ፣ መልክዓ ምድሩ ያማረ፣ ተዋንያኑም የታወቁ ነበሩ። ይሁንና አንባብያኑ ቅር የተሰኙት በጥቃቅን ነገር አልነበረም።

የመጀመሪያው ጉዳይ የመልክ ነው። በመጽሐፉ ጌድ ጠይም፣ መዳብ የመሰለ ነው፤ ወዳጁ ቬች ጥቁር ነው፤ የደሴቶቹ ሕዝብ በጠቅላላው ከጠይም እስከ ጥቁር ያለ ነው። ነጮቹ በምሥራቅ በኩል የሚኖሩት ካርጎች ናቸው፤ እነሱም በመጀመሪያው መጽሐፍ የሚታዩት መንደር አቃጥለው ሲዘርፉ ነው። ደራሲዋ ይህን ያደረጉት ዐውቀው ነው። በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነቱ ተረክ ውስጥ ጀግናው ሁሉ ነጭ በሆነበት ጊዜ፣ አንባቢው ጌድን ከወደደው በኋላ መልኩን ቀስ ብሎ እንዲያስተውል አድርገው ጻፉት። ፊልሙ ግን ጌድን ነጭ ወጣት አደረገው። ከዋና ዋናዎቹ ወንድ ገጸ ባሕርያት ጥቁር ሆነው የታዩት የጌድን መምህር ኦጊዮንን ሆነው የተጫወቱት ዳኒ ግሎቨር ነበሩ። ደራሲዋ በዚያው ወር «ስሌት» በተባለ መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ኧርዝሲ በነጭ ቀለም ተለስኗል ሲሉ በግልጽ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ስለ ቀለም ብቻ አልነበረም፤ በእነዚያ መጻሕፍት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሳቸውን የሚመስል ጀግና ያገኙ ወጣት አንባብያን ያገኙት ነገር ተነጥቋል ማለታቸው ነበር።

ሁለተኛው የስም ጉዳይ ነው። በፊልሙ ልጁ በአደባባይ «ጌድ» ሲባል፣ «ጭልፊት» የሚለው ደግሞ የሚሰወረው እውነተኛ ስሙ ሆኖ ቀረበ። ለማያውቅ ተመልካች ይህ ከንቱ ዝርዝር ነው፤ ስም ከስም ተለዋወጠ፣ ምን ጎደለ? ሊል ይችላል። መጽሐፉን ለሚያውቅ ግን ቁልፉ ተሰብሯል ማለት ነው። ሰው ሁሉ በአደባባይ የሚጠራበት ስም ምሥጢር ሊሆን አይችልም። ጥላው በመጨረሻ «ጌድ» ተብሎ ሲጠራ የሚያስደነግጠው፣ ያ ስም ለጥቂት ወዳጆች ብቻ የተሰጠ በመሆኑ ነው። ስሙ ከተገለበጠ ያ ፍጻሜ የድምፅ ጫጫታ ብቻ ይሆናል። ስሕተቱ የገንዘብ እጥረት ወይም የጊዜ ማነስ ያመጣው አይደለም፤ በትክክል ማድረጉ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም ነበር። የመጣው ነገሩ ለምን እንደዚያ እንደ ተጻፈ ካለመጠየቅ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የሚነሣው የውል ጉዳይ ነው፤ ለዚህም ማኅበር አባላት ከሁሉ የሚቀርበው ይኸው ነው። ደራሲዋ እንዳስረዱት በውሉ አማካሪ የመሆን ቦታ ተሰጥቷቸው ነበር። ነገር ግን አማካሪ የሚለው ቃል የሚሰማ እንጂ የሚወስን ሰው አያመለክትም፤ መጠየቅም ያልፈለገ ወገን አማካሪውን ሳይጠይቅ ሊጨርስ ይችላል። የፊልሙ ጽሑፍ እጃቸው ሲገባ ሥራው ተጀምሮ ስለ ነበር የሚለወጥ ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ ፊልሙ ሲተዋወቅ፣ ደራሲዋ በመጻሕፍቱ ለማለት የፈለጉት እንዲህ ነው የሚል ቃል ከአዘጋጁ በኩል ወጣ። እሳቸውም ፊልሙ የሠሪዎቹ መሆኑን ሳይክዱ፣ ያላሉትን እንዳሉ አድርጎ መናገር ግን እንዲቀር አሳሰቡ።

ሁለተኛው ፊልም በ2006 ከጃፓን መጣ። ደራሲዋ «ቶቶሮ» የተባለውን የሚያዛኪን ሥራ አይተው እጅግ ስለ ወደዱት ሐሳባቸውን ለውጠው ነበር፤ ፊልሙን ያዘጋጁት ግን ሃያኦ ሳይሆኑ ልጃቸው ጎሮ ሚያዛኪ ሆኑ፤ ሥራውም የመጀመሪያቸው ነበር። ሥዕሉ ያማረ ነው፤ የባሕሩና የእርሻው ገጽታ ልብ ይስባል። ታሪኩ ግን ከልዩ ልዩ መጻሕፍት የተለቀመ ሆነ። ልዑሉ አረን ገና ከመነሻው አባቱን ይወጋል፤ በመጽሐፉ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ክፋቱም ሁሉ በአንድ አስማተኛ ላይ ተከምሮ፣ አስማተኛው ሲጠፋ ክፋቱ አብሮ የጠፋ ይመስላል። የኧርዝሲ መጻሕፍት ግን የሚሉት ሌላ ነው፤ ጥላው የገዛ ራስ ጥላ ነው፤ ስለዚህ ተገድሎ የሚገላገሉት አይደለም። ደራሲዋ ለወጣቱ አዘጋጅ በጨዋነት፣ ፊልሙ የእሳቸው መጽሐፍ እንዳልሆነ፣ የእሱ ፊልም ግን መልካም ፊልም እንደሆነ ነገሩት። በኋላም ቅሬታቸውን ዘርዝረው ጻፉ።

ከዚህ ላይ ለፊልም ሠሪዎችም የሚገባቸውን ፍርድ መስጠት ያስፈልጋል። አንባቢ አንዳንድ ጊዜ የማይቻል ነገር ይጠይቃል። ገጽን ሁሉ በማያ ላይ ማየት፣ በልቡ የሣለው መልክ ሳይዛባ እንዲቀርብለት መሻት የፊልምን ጥበብ አለመረዳት ነው። ፊልም የራሱ ሰዋስው አለው፤ በመጽሐፍ ሦስት ገጽ የሚወስድ ሐሳብ በአንድ የዐይን መጨፈን ሊነገር ይችላል፤ በመጽሐፍ አንድ መስመር የሆነው ጉዞም ግማሽ ሰዓት ሊፈልግ ይችላል። ደራሲዋ ራሳቸው ከማይክል ፓወል ጋር ሲሠሩ ሁለቱን መጻሕፍት ወደ አንድ ታሪክ ማምጣትን አልጠሉም። ስለዚህ ታማኝነት ማለት መገልበጥ ማለት አይደለም፤ የሚለወጠውንና የማይለወጠውን መለየት ነው። ቤት ሲታደስ ግድግዳው ይቀባል፣ መስኮቱ ይሰፋል፣ ክፍሉም ይከፈላል፤ ምሰሶው የተነቀለ እንደሆነ ግን ያ እድሳት ሳይሆን ማፍረስ ነው።

ታዲያ ሁለት ጊዜ ከተከፉ በኋላ አንባብያኑ አሁንም በቴሌቪዥን ላይ ተስፋ የሚጥሉት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የቴሌቪዥን ድራማ ራሱ መለወጡ ነው። ከጆርጅ ማርቲን መጻሕፍት የተሠራው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከ2011 እስከ 2019 ድረስ በ8 ምዕራፍ 73 ክፍሎች ታይቶ፣ ሰፊ ምናባዊ ተረክ በዓመታት ውስጥ በዝግታ ሊነገር እንደሚችል አሳይቷል። መጻሕፍቱ ሳያልቁ ድራማው ቀድሟቸው ሲሄድም የሚደርሰውን ችግር አሳይቷል። የኧርዝሲ መጻሕፍት ግን የተፈጸሙ ናቸው፤ መጨረሻቸው ይታወቃል። ሁለተኛው ምክንያት ከስሕተት በኋላ የተሻለ ሥራ ሊመጣ መቻሉ ነው። የፊሊፕ ፑልማን ሦስት መጻሕፍት በ2007 በሲኒማ ተጀምረው ከመጀመሪያው ፊልም ሳያልፉ ቀርተው ነበር፤ ከ2019 እስከ 2022 ግን ቢቢሲና ኤችቢኦ በሦስት ምዕራፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቴሌቪዥን አቀረቧቸው። አንድ ጊዜ የተበላሸ ነገር ለዘለዓለም እንደ ተበላሸ አይቀርም ማለት ነው።

የተስፋው ሌላ ገጽ ደግሞ አለ። የሮበርት ጆርዳን «ዊል ኦፍ ታይም» ብዙ ቅጽ ያለው ታላቅ ተረክ ሲሆን፣ በ2021 የተጀመረው ድራማ በሦስተኛው ምዕራፍ፣ በ2025 ተቋረጠ፤ ታሪኩም መንገድ ላይ ቀረ። የዚህ ዓይነት ተረክ አፍቃሪ መጥፎ ፊልም ብቻ ሳይሆን ያልተፈጸመ ፊልምም ያሰጋዋል። ስለዚህ በ2018 ፕሮዲዩሰር ጄኒፈር ፎክስ የኧርዝሲን የፊልም መብት መያዛቸው፣ በ2019ም ኤ24 ከተባለው ድርጅት ጋር ሆነው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ለማዘጋጀት ማሰባቸው ሲነገር፣ አንባብያኑ ደስ ቢላቸውም እልልታውን አላቀለጡትም። ሥራውም በቶሎ ከማስታወቂያ አልፎ ለተመልካች አልደረሰም።

አንባብያኑ በመጠበቅ ላይ ሳሉ እርስ በርሳቸው ይከራከራሉ፤ ክርክሩም ለባለሙያ ብዙ ያስተምራል። ዋናው ጥያቄ የት ይጀመር፣ የትስ ይቁም የሚል ነው። አንደኛው ወገን የመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ብቻ ይበቃሉ ይላል። በእነሱ ውስጥ ወጣቱ ጌድ ያድጋል፤ ቴናር የተባለችው ልጅ፣ በሕፃንነቷ ከቤተ ሰቧ ተወስዳ ስሟን ተነጥቃ የጨለማ ቦታ ካህን ከተደረገች በኋላ፣ ስሟ ተመልሶላት ወደ ብርሃን ትወጣለች፤ በመጨረሻም ጌድ በሕይወትና በሞት መካከል የተከፈተውን ቀዳዳ ለመድፈን ኃይሉን ሁሉ አሟጦ ይጨርሳል። ይህ ምሉዕ ታሪክ ነው፤ ድራማም ይህንኑ ይፈልጋል።

ሌላው ወገን ግን «ቴሃኑ» ካልተጨመረ ኧርዝሲ አልተነገረም ባይ ነው። በዚያ መጽሐፍ ቴናር ባሏ የሞተባት ገበሬ ሆናለች፤ ጌድ ኃይል የሌለው፣ ተመልሶ ፍየል የሚጠብቅ ሰው ነው፤ በመካከላቸውም ሰዎች በእሳት ያቃጠሏት አንዲት ሕፃን አለች። መጽሐፉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት መጻሕፍት ያልተጠየቀውን ይጠይቃል፤ የሮክ ትምህርት ቤት ሴቶችን ያገለለው ለምንድን ነው? የአስማተኛው ክብር በማን ድካም ላይ ቆመ? ደራሲዋ ከ18 ዓመት በኋላ ወደ ገዛ ሥራቸው ተመልሰው መረመሩት፤ ያፈረሱት ነገር የለም፤ ከሌላ በር ገብተው አዩት እንጂ። እንዲህ ያለውን ለውጥ የሁለት ሰዓት ፊልም ሊይዘው አይችልም። ዓመታት ሊቆይ የሚችል፣ ተዋንያኑም ከታሪኩ ጋር አብረው ሊያረጁ የሚችሉበት የቴሌቪዥን ድራማ ግን ይችላል። የሁለተኛው ወገን ክርክር ስለዚህ ጠንካራ ነው፤ ቴሌቪዥን ከሲኒማ የሚለይበትን ትልቁን ስጦታ፣ ማለትም ጊዜን፣ በትክክል የሚጠቀምበት ይህ ወገን ነውና።

የሁለቱን ወገኖች ክርክር አዳምጦ የሚያጣራ ሰው፣ በሦስት ነገር አንድ መሆናቸውን ያስተውላል። የመጀመሪያው የስም ነገር ነው፤ እውነተኛ ስም ምሥጢር ሆኖ ይኑር፤ ተመልካቹም የጌድን ስም ሲሰማ የተሰጠው አደራ መሆኑ ይሰማው። ሁለተኛው የመልክ ነገር ነው፤ የደሴቶቹ ሕዝብ ደራሲዋ በጻፉት መልክ ይታይ፤ ይህም ለማስመሰል ሳይሆን ጠይሙና ጥቁሩ የዓለሙ ባለቤት ሆኖ እንዲታይ ነው። ሦስተኛው የሚዛን ነገር ነው። በኧርዝሲ አስማት ሁሉ ዋጋ አለው፤ በአንድ ቦታ ዝናብ የጠራ ሰው በሌላ ቦታ ድርቅ ሊያመጣ ይችላል። መምህሩ ኦጊዮን ዝናብ ሲጥል ደመናውን ከማባረር ይልቅ ዝም ብሎ ዛፍ ሥር የሚተኛ ጠቢብ ነው፤ ተማሪው ጌድ በዚህ ይበሳጫል፤ ታላቅነት ይህ መሆኑ የሚገባው እጅግ ቆይቶ ነው። ለቴሌቪዥን ከባዱ ነገር ምናልባት ይህ ሦስተኛው ነው፤ መብረቅ ማሳየት ቀላል ሲሆን፣ መብረቅ ማዝነብ እየቻለ የማያዘንብን ሰው ማሳየት ግን የተዋናይን ፊት፣ የአዘጋጅን ትዕግሥትና የጣቢያን እምነት ይጠይቃል።

ከሦስቱ አንዱም ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አለመሆኑን ልብ ማለት ያሻል። አንባብያኑ ትልቅ ዘንዶ፣ ብዙ ሠራዊት፣ የከበረ ቤተ መንግሥት አልለመኑም። የለመኑት መጽሐፉ እንዲነበብ ነው፤ ይኸውም ፊልሙን የሚሠራው ሰው አስቀድሞ አንባቢ ሆኖ፣ እያንዳንዱ ነገር ለምን እንዲያ እንደ ተቀመጠ እንዲጠይቅ ነው። የአፍቃሪ አንባብያን ተስፋ ከተራ ጉጉት የሚለየውም በዚህ ነው። ጉጉት የሚያየው መልኩን ነው፤ ይህ ተስፋ ግን ምሰሶው የቱ እንደሆነ ያውቃል። ይህን ተስፋ እንደ ጠላት የሚያይ አዘጋጅ፣ ያለ ክፍያ የሚሰጠውን ምርጥ ምክር ይጥላል።

በዚህ ማኅበር ውስጥ መጽሐፍ የሚጽፉ፣ ድራማ የሚያዘጋጁ፣ የሌላውን ሥራ ወደ ራዲዮና ወደ ቴሌቪዥን የሚመልሱ ባለሙያዎች አሉ። የኧርዝሲ ታሪክ ለሁለቱም ወገን የሚለው አለው። ለደራሲው የሚለው፣ ውል ሲፈርም «አማካሪ» በሚለው ቃል እንዳይረካ፣ የማይነካው ነገር የትኛው እንደሆነ በስሙ ጠርቶ፣ የመጨረሻውም ቃል የማን እንደሆነ ለይቶ እንዲያጽፍ ነው፤ ያልተጻፈ ተስፋ የካሜራው ሥራ በተጀመረበት ቀን ያበቃልና። ለአዘጋጁ የሚለው ደግሞ፣ መቀስ ከማንሣቱ በፊት ታሪኩ የቆመበትን ምሰሶ እንዲፈልግ ነው። ምሰሶውን ካወቀ በኋላ የሚቀረውን ሁሉ በነጻነት ሊለውጥ ይችላል፤ አንባቢም ይቅር ይለዋል።

ሦስተኛው ሙከራ መቼ እንደሚታይ፣ ምን መልክ እንደሚይዝ የሚወስኑት መብቱን የያዙት ናቸው። መጽሐፉ ግን ከ1968 ጀምሮ እንደ ቆመ አለ፤ ሁለት ፊልሞች ካለፉበት በኋላም አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። ፊልም ሠሪው ስሕተት ቢሠራ የሚጎዳው መጽሐፉ ሳይሆን፣ ጌድን ለመጀመሪያ ጊዜ በማያው ላይ የሚያገኘው ልጅ ነው። ያ ልጅ ጠይም ወይም ጥቁር ቢሆን፣ በመስኮቱ ውስጥ ራሱን ያገኝ ይሆን? የጀግናውንስ ስም እንደ አደራ ይቀበል ይሆን? አንባብያኑ በዚህ ሁሉ ዓመት የሚጠብቁት ለራሳቸው አይደለም፤ እነሱ አንብበዋል፤ የሚጠብቁት ለዚያ ልጅ ነው።